ለአሳማ የባክቴሪያ በሽታ ክትባት መሥራት፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ጀርም?

ለአሳማ የባክቴሪያ ክትባት ለመሥራት የተነሳ ቡድን ብዙውን ጊዜ ወሬውን የሚጀምረው ከቴክኖሎጂው ነው። «ኤምአርኤንኤ እንሞክር? ወይስ ሕያው ክትባት? ወይስ ጀርሙን ገድለን እንውጋው?» ይባላል። ከዚያ ለተመረጠው ቴክኖሎጂ የሚሆን በሽታ ይፈለጋል። ይህን ቅደም ተከተል አልወደውም። ቴክኖሎጂው መመረጥ ያለበት መጨረሻ ላይ ነው።

ቀድመው የሚመጡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ጀርሙ አሳማውን የሚያሳምመው በምንድን ነው? በመርዝ ነው፣ አንጀት ላይ በመጣበቅ ነው፣ ሕዋስ ውስጥ በመግባት ነው ወይስ በደም በመሰራጨት? አሳማው የሚታመመው በስንት ዕድሜው ነው? ጀርሙስ ስንት ሴሮታይፕ፣ ማለትም ሰውነት ለይቶ የሚያያቸው ስንት የገጽ ዓይነቶች አሉት? እነዚህ ከተመለሱ ከምርጫዎቹ ግማሹ በራሱ ጊዜ ይወድቃል። ለቀረው ግማሽ ነው ንጽጽር የሚያስፈልገው።

በመጀመሪያ ዕድሜው

የአሳማ የእንግዴ ልጅ ፀረ እንግዳ አካላትን ከእናት ወደ ጽንስ አያሳልፍም። ግልገሉ ሲወለድ ደሙ ውስጥ ከእናቱ ያገኘው መከላከያ የለም ማለት ይቻላል። ያንን የሚያገኘው ከእንገር ነው። እንገሩ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ግልገሉ ከተወለደ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ አንጀቱ ትልልቅ ፕሮቲኖችን ወደ ደም ማሳለፉን ያቆማል።

ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ዓይነት ሲ የሚባለውን ጀርም ውሰዱ። ግልገሎችን የሚገድለው በተወለዱ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው። ግልገሉን ብትከትቡት ሰውነቱ ምላሽ እስኪሰጥ ሳምንታት ያልፋሉ፤ እስከዚያ ደግሞ ነገሩ አብቅቷል። ስለዚህ የሚከተበው እናትየዋ ናት። እርግዝናዋ 114 ቀን አካባቢ ስለሆነ ቀኑን ቆጥሮ ወሊዱ ሳምንታት ሲቀሩት መውጋት ይቻላል። መከላከያውን ለልጆቿ በእንገሯ ታወርሳለች። እዚህ ላይ የክትባቱ ጥራት ብቻውን ዋጋ የለውም። እንገሩን ያልጠባ ግልገል እንዳልተከተበ ነው የሚቆጠረው።

ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ደግሞ ዕድሜ ምርጫን እንዴት እንደሚገለብጥ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ተቅማጥ የሚያመጡት ዝርያዎች ፊምብሪያ በሚባሉ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መያዣዎች አንጀት ላይ ይጣበቃሉ። አዲስ የተወለዱትን የሚያጠቁት በዋናነት ኤፍ4፣ ኤፍ5፣ ኤፍ6 እና ኤፍ41 የሚባሉትን መያዣዎች የያዙት ናቸው። እናትየዋን በእነዚህ ፊምብሪያዎች መክተብ በደንብ ይሠራል። ምክንያቱም ግልገሉ በጠባ ቁጥር ወተቱ አንጀቱን በፀረ እንግዳ አካል ያጥበዋል።

ጡት ከጣለ በኋላ ግን ወተቱ የለም። በዚያ ጊዜ የሚመጡት ኤፍ4 እና ኤፍ18 ናቸው። ኤፍ18 የሚይዘው ተቀባይ ራሱ አዲስ በተወለደ ግልገል አንጀት ላይ ገና አልበሰለም፤ ከዕድሜ ጋር ነው የሚመጣው። በመርፌ የሚሰጥ ክትባት በአብዛኛው የሚያመነጨው ደም ውስጥ የሚዞር ፀረ እንግዳ አካል ነው። የሚያስፈልገው ግን የአንጀት ሽፋን ላይ የሚፈስ፣ አይጂኤ የሚባለው ዓይነት ነው። ለዚህ ነው ለዚህ ዕድሜ በሽታ የማያመጣ ሕያው ኢ. ኮላይ በአፍ መስጠት የተመረጠው። የአውሮፓ ኅብረት በመድኃኒት መጠን የሚሰጥ ዚንክ ኦክሳይድን ከሰኔ 2022 ጀምሮ ስለከለከለ ይህ ዘርፍ ትኩረት አግኝቷል። ቀድሞ ብዙ አርቢ ጡት የጣሉትን ግልገሎች የሚያሻግረው በዚያ ነበር።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። እናትየዋ ለኤፍ4 ተከትባ ከሆነና ግልገሉ ገና እየጠባ በአፍ ከተከተበ፣ የወተቱ ፀረ እንግዳ አካል ክትባቱን ሊያከሽፈው ይችላል። ሁለቱም ክትባቶች ለየብቻቸው ጥሩ ሆነው አንድ ላይ ሲመጡ ይጣላሉ። የምትሠሩት ክትባት የት መርሐ ግብር ውስጥ እንደሚገባ ገና ከጅምሩ አስቡ።

ጀርሙን ገድሎ መውጋት

ርካሹና ፈጣኑ መንገድ ይህ ነው። ጀርሙን በብዛት ማሳደግ፣ በፎርማሊን ወይም በሌላ ኬሚካል መግደል፣ ከአድጁቫንት ጋር ማደባለቅ፣ መውጋት። አድጁቫንት ማለት ሰውነት ክትባቱን ቸል ብሎ እንዳያልፈው የሚቀሰቅስ ተጨማሪ ንጥረ ነገር ነው።

ለአንዳንድ ጀርሞች ከዚህ በላይ መድከም አያስፈልግም። ኤሪሲፔላስ አንዱ ነው። ቆዳ ላይ አልማዝ የመሰለ ቀይ ምልክት የሚያወጣው፣ ሲበረታም በድንገት የሚገድለው በሽታ ማለት ነው። ሰውነት ሊያውቀው የሚገባው ዋናው ፕሮቲን፣ ስፓኤ የሚባለው፣ ጀርሙ ገጽ ላይ በብዛት አለ። በአሳማ ላይ በሽታ የሚያመጡት በአብዛኛው ሴሮታይፕ 1 እና 2 ሲሆኑ ሁለቱም ይህን ፕሮቲን ይዘውታል። ገጹ ላይ በግልጽ የተቀመጠ፣ የማይለዋወጥ ዒላማ ካለ የተገደለ ጀርም በቂ ነው።

አክቲኖባሲለስ ፕሉሮኒሞኒያ ላይ ግን ይኸው ዘዴ ይንገዳገዳል። ይህ ጀርም የአሳማን ሳንባ በሰዓታት ውስጥ ደም አስቋጥሮ የሚገድል ነው። እስካሁን 19 ሴሮታይፖች ተለይተዋል። ከአንዱ የተሠራ ሙት ክትባት በዋናነት የሚከላከለው ያንኑ ሴሮታይፕ ነው። ምክንያቱ ሲፈተሽ ሦስት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ሰውነት ቶሎ የሚያየው ውጫዊውን የስኳር ልባስ ነው፤ ልባሱ ደግሞ ከሴሮታይፕ ሴሮታይፕ ይለያል። ሁለተኛ፣ ሳንባውን የሚያፈርሱት መርዞች ከጀርሙ ወጥተው ማሳደጊያው ፈሳሽ ውስጥ ይቀራሉ። ጀርሙን አጥበህ ስትሰበስብ ዋናውን ዒላማ ከፈሳሹ ጋር ትደፋዋለህ። ሦስተኛ፣ ጀርሙ አሳማ ውስጥ ሲገባ ብረት ስለሚያጣ ብረት መንጠቂያ ፕሮቲኖችን ያወጣል። ብረት በሞላበት የላብራቶሪ ምግብ ላይ ግን እነዚህን ለማውጣት ምን አስጨነቀው?

ስለዚህ በዚህ መንገድ ለመሄድ ከወሰናችሁ የማሳደጊያውን ምግብ እንደ ተራ ነገር አትዩት። ብረት የጎደለው ምግብ ላይ ማሳደግ ወይም መርዙን ከፈሳሹ ሰብስቦ መልሶ መጨመር የክትባቱን ባሕርይ ይለውጠዋል። ፎርማሊንም ሲበዛ ፕሮቲኑን እስከማይታወቅ ድረስ ያበላሸዋል። የመግደያው መጠንና ሰዓት መሞከር አለበት።

ማይኮፕላዝማ ሃዮኒሞኒያ መሐል ላይ የሚቀመጥ ጉዳይ ነው። ሥር የሰደደ ደረቅ ሳል የሚያመጣና እድገትን የሚጎትት ጀርም ነው። በዓለም ላይ በስፋት ከሚሰጡት የአሳማ ክትባቶች አንዱ የእሱ ነው፤ አብዛኞቹም ሙት ናቸው። ሳሉን ይቀንሳሉ፣ የሳንባውን ቁስል ይቀንሳሉ፣ እድገቱን ያሻሽላሉ። ጀርሙ መተንፈሻ ቧንቧ ላይ እንዳይሰፍር ግን አይከለክሉም። ታዲያ ይህ ጥሩ ክትባት ነው ወይስ አይደለም? ለአርቢው ጥሩ ነው፤ ኪሳራውን ይቀንስለታል። ጀርሙን ከመንጋው ለማጥፋት ለሚፈልግ ግን ብቻውን አይበቃም። አዲስ ክትባት ለመሥራት የምታስቡ ከሆነ የምታሻሽሉት የትኛውን እንደሆነ ከአሁኑ ተናገሩ። «የተሻለ ክትባት» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይልም። ጀርሙ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ምግቡም የእንስሳ ሴረም የሚፈልግ መሆኑ የማምረቻ ወጪውን እንደሚያንረው አትርሱ።

መርዙን ወይም አንድ ፕሮቲን ብቻ መውሰድ

በሽታው መርዙ ራሱ ከሆነ እኔ ያለ ብዙ ማመንታት ወደዚህ እሄዳለሁ።

የእብጠት በሽታ የሚባለውን ተመልከቱ። ጡት የጣለ ግልገል የዓይኑ ቆብ ያብጣል፣ ሲራመድ ይወላገዳል፣ ይሞታል። የሚያመጣው ኢ. ኮላይ ቢሆንም ጉዳቱን የሚያደርሰው የደም ሥሮችን የሚያጠቃው ኤስቲኤክስ2ኢ የተባለ መርዝ ነው። መርዙን በጂን ምሕንድስና አክሽፎ ፕሮቲኑን ብቻ መውጋት ይቻላል። ግልገሉ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንድ መርፌ የሚሰጥ እንዲህ ያለ ክትባት ገበያ ላይ አለ። በሽታው የሚመጣው ጡት ከጣለ በኋላ ስለሆነ ሰውነቱ ለመዘጋጀት ጊዜ ያገኛል። መርዙ በደም ስለሚጓዝ ደግሞ ደም ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ይይዘዋል። የአንጀት መከላከያ የግድ አይሆንም። ከላይ ካየነው የኢ. ኮላይ ተቅማጥ ጋር አወዳድሩት። የጀርሙ ስም አንድ ነው፤ የክትባቱ መንገድ ግን ፍጹም ሌላ ነው።

አፍንጫ የሚያጣምመው በሽታም እንዲሁ ነው። ፓስቱሬላ መልቶሲዳ በሚያመነጨው መርዝ የአፍንጫ አጥንት ይመነምናል። የተከሸፈውን መርዝ ለእናትየዋ ሰጥቶ ልጆቹን በእንገር መጠበቅ ውጤታማ ሆኗል።

አክቲኖባሲለስም ወደዚህ ሲመጣ መልኩ ይቀየራል። ሴሮታይፖቹ 19 ይሁኑ እንጂ ሳንባ የሚያፈርሱት ዋናዎቹ መርዞች ሦስት ናቸው፤ ኤፒኤክስ1፣ 2 እና 3። እያንዳንዱ ሴሮታይፕ ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ይይዛል። ሦስቱን መርዞች ከአንድ የውጭ ሽፋን ፕሮቲን ጋር የያዘ ክትባት ስለዚህ ሴሮታይፕ ሳይመርጥ ጉዳቱን ይቀንሳል። ኤፒኤክስ4 የሚባል አራተኛ መርዝ አለ። ጀርሙ ይህን የሚያወጣው አሳማ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ክትባቱ ውስጥ ከሌለ፣ በደም ምርመራ የተከተበውንና በእርግጥ የተያዘውን መለየት ይቻላል። መንጋን ከጀርም ነጻ ለማድረግ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉድለቱም ይታወቃል። አሳማው አይታመም እንጂ ጀርሙን ቶንሲሉ ላይ ተሸክሞ ሊኖር ይችላል።

መርዝ ለሌላቸው ጀርሞች ዒላማ መፈለግ ይጠይቃል። እዚህ ላይ በጣም የምወደው ምሳሌ የግሌሰሬላ ፓራሱይስ ነው፤ ቀድሞ ሄሞፊለስ ፓራሱይስ ይባል የነበረው። ይህ ጀርም ብረት የሚያገኘው ቲቢፒቢ በሚባል ፕሮቲን የአሳማን ትራንስፈሪን ይዞ ነው። ትራንስፈሪን ደም ውስጥ ብረት የሚያመላልስ ፕሮቲን ነው። ቲቢፒቢ ጥሩ ዒላማ ይመስላል። ግን የተፈጥሮውን ቲቢፒቢ አሳማ ውስጥ ብትወጉት ወዲያው የአሳማው ትራንስፈሪን ይለጠፍበትና ሰውነት ሊያየው የሚገባውን ቦታ ይሸፍነዋል። ተመራማሪዎች አንድ አሚኖ አሲድ ለውጠው ትራንስፈሪን እንዳይዝ ሲያደርጉት ክትባቱ ተሻሻለ። አይጥ ላይ ይህ ልዩነት አይታይም ነበር። ፕሮቲኑ የአይጥን ትራንስፈሪን አይዝማ! የአይጥ ውጤት አምሮ አሳማ ላይ የሚከሽፍበት አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለ ነው።

የዚህ መንገድ ዋጋስ? ፕሮቲኑን ማጥራት ያስከፍላል፣ ብቻውን ደካማ ስለሆነም ጠንካራ አድጁቫንት ይፈልጋል። በምትኩ በእያንዳንዱ ምርት ውስጥ ምን እንዳለ በትክክል ታውቃላችሁ። ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን ማስረዳት ይቀላል።

ሕያው ግን የተዳከመ

ይህ መንገድ አሳማ ላይ የቆየ ታሪክ አለው። ሉዊ ፓስተርና ባልደረባው ሉዊ ቱዪዬ በ1882 እና 1883 የኤሪሲፔላስን ጀርም አጠኑ። ጀርሙ በእርግብ ውስጥ ተደጋግሞ ሲያልፍ ለአሳማ ይበረታ ነበር። በጥንቸል ውስጥ ሲያልፍ ግን ጥንቸሏን እየጎዳ ለአሳማ ይለዝባል። በዚያ ክትባት ሠሩ። ቱዪዬ በ1883 የኮሌራ ወረርሽኝ ሊያጠና እስክንድርያ ሄዶ በዚያው በሽታ ሞተ።

ሕያው ክትባት የሚያሸንፈው ጀርሙ ሕዋስ ውስጥ ሲደበቅ ወይም መከላከያው አንጀት ላይ ሲያስፈልግ ነው። ሎውሶኒያ ኢንትራሴሉላሪስ ሁለቱንም ያሟላል። የአንጀት ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሽፋኑን ያወፍረዋል። በተለመደው የባክቴሪያ ምግብ ላይ አያድግም፤ ሕዋስ ይፈልጋል። በውኃ ወይም በአፍ የሚሰጠው የተዳከመ ክትባት ለዓመታት አገልግሏል። አንድ ግዴታ ግን አለው። ከመከተቡ 3 ቀን በፊት፣ በዕለቱና 3 ቀን በኋላ አሳማው ሎውሶኒያን የሚገድል አንቲባዮቲክ ማግኘት የለበትም። መድኃኒቱ ክትባቱንም ይገድለዋል። መኖው መድኃኒት የተቀላቀለበት እርባታ ውስጥ ይህች አንድ ሳምንት ቀላል አይደለችም።

ሕዋስ ውስጥ የሚኖር ጀርም የግድ ሕያው ክትባት ይፈልጋል የሚሉ አሉ። ሎውሶኒያ ራሱ ይህን አባባል ያላላዋል። በኋላ በጡንቻ የሚወጋ ሙት ክትባት መጥቶ እሱም ጥበቃ ሰጥቷል። ስለዚህ ሕጉን እንደ መነሻ ያዙት እንጂ አትማሉበት። አንቲባዮቲክ ማቆም ለማይችል መንጋ መርፌው ይሻላል። ሺህ ግልገል አንድ በአንድ መያዝ ለሚከብደው በውኃ የሚሰጠው ይሻላል።

ሕያው ክትባት የምትሠሩ ከሆነ የሚያስጨንቃችሁ ነገር ወደ ቀድሞ ክፋቱ መመለሱ ነው። አንድ ጂን ብቻ ማጥፋት አያስተማምንም። ቢያንስ ሁለት፣ እርስ በርስ የራቁ ጂኖች ላይ ቆርጣችሁ አውጡ። ነጥብ ለውጥ ብቻ ያለበት፣ ማለትም የጂኑ አንድ ፊደል ብቻ የተቀየረበት ጀርም ሊመለስ ይችላል። ተቆጣጣሪዎች ክትባቱ ከአሳማ አሳማ ተደጋግሞ ሲተላለፍ ባሕርዩ እንደማይለወጥ ማሳየት ይጠይቃሉ። ላብራቶሪ ውስጥ ለመምረጫ ያስገባችሁት የአንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ጂን ካለ ደግሞ ሳይወጣ ወደ ፊት አትሂዱ። ይህን ለመጨረሻ የተወ ፕሮጀክት አብዛኛውን ሥራ እንደገና ይጀምራል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ነገሩ።

ምርምር ላይ ያለች አንዲት ዘዴ አለች። የአክቲኖባሲለስ መርዞች የሚነቁት ሲ የሚባለው ጂን በሚሠራው ኢንዛይም ነው። ይህን ጂን ብቻ ብትቆርጡት ጀርሙ መርዙን ማምረቱን ይቀጥላል፤ መርዙ ግን አይጎዳም። ሰውነት እውነተኛውን ፕሮቲን ያያል፣ አሳማው ግን አይታመምም። ሕያው ክትባትና የመርዝ ክትባት በአንድ ላይ ማለት ነው።

ከራሱ መንጋ ጀርም

ስትሬፕቶኮከስ ሱይስ የዚህ ሁሉ ንጽጽር ራስ ምታት ነው። ጡት የጣሉ ግልገሎችን በማጅራት ገትርና በመገጣጠሚያ እብጠት ይገድላል። ሰውም ይይዛል። በ2005 በቻይና ሲቹዋን ክፍለ ሀገር 215 ሰዎች ታመው 38 ሞተዋል። ሴሮታይፖቹ ብዙ ናቸው፤ ሴሮታይፕ 2 በዓለም ዙሪያ፣ ሴሮታይፕ 9 ደግሞ በተለይ በአውሮፓ ያስቸግራሉ። የሴሮታይፕ 2 ልባስ ስኳር ላይ ሲያሊክ አሲድ አለ። ይህ በአሳማው የራሱ ሕዋሳት ላይም ያለ ስለሆነ ሰውነት እንደ ባዕድ አያየውም። ለሰው የሳንባ ምች ክትባቶች እንደተደረገው ስኳሩን ከፕሮቲን ጋር ማጣበቅ በሙከራ ደረጃ ታይቷል። ግን ለሰው ልጅ የሚከፈለውን ዋጋ ለአንድ ግልገል ማን ይከፍላል?

ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ከዚያው መንጋ የተገኘውን ጀርም ወስደው ሙት ክትባት ያሠራሉ። በብዙ አገሮች ሕጉ ይህን የሚፈቅደው ለዚያው መንጋ ብቻ ነው፤ እንደ መደበኛ ክትባት ሙሉ የውጤታማነት ማስረጃም አይጠየቅበትም። ፍጥነቱ ከዚያ ይመጣል። ውጤቱ ከመንጋ መንጋ የሚለያየውም ከዚያ ነው።

ወሳኙ ነገር ጀርሙ ከየት እንደተወሰደ ነው። ጤነኛ አሳማ አፍንጫና ቶንሲል ላይ ብዙ ዓይነት ስትሬፕቶኮከስ ሱይስ አለ። ከአፍንጫ ወስዳችሁ ክትባት ብትሠሩ ጎረቤቱን ከሳችሁ ወንጀለኛውን ለቀቃችሁ ማለት ነው። ናሙናው መምጣት ያለበት አዲስ ከሞተና መድኃኒት ካልወሰደ ግልገል አንጎል፣ መገጣጠሚያ ወይም ልብ ነው። አንድ ግልገልም አይበቃም። ለግሌሰሬላ ፓራሱይስም ይኸው ይሠራል። ከጊዜ ወደ ጊዜ ደግሞ የሚዞረው ዝርያ ያው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ መንጋው አሁን እየሞተ ከሆነ ይህን መንገድ ያዙ። የአምስት ዓመት ምርምር ለማቀድ ከሆነ ግን ሴሮታይፖች የሚጋሩትን ፕሮቲን ፈልጉ። ጀርሙ አይጂኤም የሚባለውን የአሳማ ፀረ እንግዳ አካል የሚቆርጥበት ኢንዛይም ለምሳሌ በአሳማ ሙከራ ላይ ተስፋ አሳይቷል።

አዳዲሶቹ

እዚህ ላይ አጠር አድርጌ አልፋለሁ። ኤምአርኤንኤና ዲኤንኤ ክትባቶች ፕሮቲኑን ራሱን ሳይሆን የአሠራሩን መመሪያ ለአሳማው ሕዋስ ይሰጣሉ፤ ለቫይረስ ፕሮቲን የተመቹ ናቸው። የቫይረስ ፕሮቲን በተፈጥሮውም የሚሠራው በእንስሳ ሕዋስ ውስጥ ነው። የባክቴሪያ ፕሮቲን ግን በአሳማ ሕዋስ ውስጥ ሲሠራ ስኳር ሊለጠፍበት ወይም ቅርጹን ሊስት ይችላል። የስኳር ልባስ ደግሞ በዚህ መንገድ ጨርሶ አይሠራም። ዋጋውም አለ። ለአንድ በሽታ ብዙ ዒላማ የሚያስፈልግ ከሆነ ተራው የፕሮቲን ክትባት ዛሬም ይረክሳል።

ከአዲሶቹ ጊዜ የሚያተርፈው ከጂኖም፣ ማለትም ከጀርሙ ሙሉ የዘር መመሪያ ተነስቶ ዒላማ መፈለግ ነው። በሰው ላይ ማጅራት ገትር በሚያመጣው ሜኒንጎኮከስ ቢ ላይ ተጀምሮ ክትባት ላይ የደረሰ ዘዴ ነው። ብዙ ዝርያዎች የሚጋሩትንና ገጽ ላይ የሚወጡትን ፕሮቲኖች በኮምፒውተር ያጣራል። ነገር ግን ወንፊት ነው። ከወንፊቱ የወጣው ሁሉ ይከላከላል ማለት አይደለም።

የሚወጋበትና የሚቀሰቅሰው

አድጁቫንት የሚመረጠው ከዒላማው ጋር ነው። የአልሙኒየም ጨው ለመርዝ ክትባት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ፀረ እንግዳ አካል ያስወጣል፣ ቁስሉም ቀላል ነው። ዘይት ያለበት ይበልጥ ይቀሰቅሳል፤ ትኩሳትና የመርፌ ቦታ እብጠት ግን ያመጣል። አንገት ጡንቻ ላይ የቀረ ጠባሳ እርድ ላይ ሥጋ ያስጥላል። ነፍሰ ጡር እናት ላይ የሚነሳ ከባድ ትኩሳት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ያለ መርፌ ቆዳ ውስጥ መስጠት ለማይኮፕላዝማ ሥራ ላይ ውሏል፤ መርፌ ከአሳማ አሳማ በሽታ እንዳያዞር ያግዛል።

ሙከራው ሲዋሽ

ደም ውስጥ የፀረ እንግዳ አካል መጠን ከፍ ማለቱ ብቻውን አያስደስታችሁ። ማይኮፕላዝማ ላይ የደም ፀረ እንግዳ አካልና ጥበቃ አብረው አይሄዱም። ለመርዝ ክትባት መርዙን ማክሸፉን፣ ለስትሬፕቶኮከስ ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርሙን መዋጣቸውን ለኩ።

የኤፍ4 ክትባት ስትፈትኑ የአሳማዎቹን ዘር ቀድማችሁ መርምሩ። አንዳንድ አሳማ በተፈጥሮው የኤፍ4 ተቀባይ የለውም። ጀርሙን በሊትር ብታጠጡት አይታመምም። ሳታውቁ እንዲህ ያሉ አሳማዎች ከተከተቡት ወገን ከበዙ ክትባቱ ድንቅ ይመስላል። ካልተከተቡት ወገን ከበዙ ደግሞ ጥሩው ክትባት ይወድቃል።

የምታስይዙት የጀርም መጠንም እንዲሁ ያሳስታል። በጣም ከበዛ ማንኛውንም ክትባት ይጥሳል፤ በጣም ካነሰ ያልተከተበውም አይታመምም። በእርባታ ላይ በሚደረገው ሙከራ የተከተቡትንና ያልተከተቡትን በአንድ ጉረኖ ማደባለቁ አድልዎን ይቀንሳል፤ ግን የተከተቡት ጀርሙን ባለማሰራጨታቸው ያልተከተቡትም ሊጠቀሙ ይችላሉ። ስለዚህ ልዩነቱ ከእውነተኛው ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል። እድገት፣ ሞት፣ እርድ ላይ የታየ የሳንባ ቁስልና ጥቅም ላይ የዋለው አንቲባዮቲክ፣ አራቱም ይመዝገቡ።

ክትባት ባይሠራስ?

አንዳንዴ ትክክለኛው ምርጫ አለመሥራት ነው። ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ብራኪስፓይራ ሃዮዲሰንተሪያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ያለ አየር የሚያድግ፣ ለማሳደግ የሚያስቸግር ጀርም ነው። ሙት ክትባቶቹ በአብዛኛው የሚከላከሉት የተሠሩበትን ዓይነት ነው፤ በስፋት የሚሠራ ክትባት እስካሁን የለም። በሌላ በኩል ጀርሙን ከእርባታ ማስወጣት ይቻላል። አሳማ ይቀነሳል፣ የቀሩት በሚሠራ መድኃኒት ይታከማሉ፣ ጉረኖው ታጥቦ ይደርቃል፣ ፍሳሹ ይወገዳል። አይጦችም ጀርሙን ስለሚሸከሙ አብረው መጥፋት አለባቸው፤ ያለዚያ ከወራት በኋላ ይመለሳል። የክትባት ምርምር በጀቱን ይዞ ወደዚህ ጀርም ለሚመጣ ቡድን የማቀርበው ጥያቄ መንጋው ሊጸዳ የማይችልበት ምክንያት ምንድን ነው የሚል ነው። አሳማ ያለ ማቋረጥ ከብዙ ቦታ እየተገዛ የሚገባበት እርባታ ከሆነ ክትባቱ ትርጉም አለው። የሚገባውን አሳማ መቆጣጠር የሚችል እርባታ ከሆነ ግን ገንዘቡ አጥርና መታጠቢያ ላይ ቢውል ይሻላል።